የይማም ለቅሶ

የጠመንጃ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር የልጅነቴ ክረምት ይመጣብኛል። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አያቴ ምንሽራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዝገት እንዳይነካው በጨርቅ እየወለወሉ፣ እኔን አጠገባቸው ያስቀምጡኝ ነበር።

እሳቸው ብዙ አይናገሩም፤ ታሪካቸውን የሚያወራው አገሩ ነበር። ጣልያን ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያቃጥል ሲመጣ፣ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው በገደሉ ወደ ዋሻ ሲወርዱ፣ አያቴ መውረጃው አፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው ጠላትን አገዱት ይባል ነበር። ይማም የሚባለው ጓደኛቸው ግን በዚያው ቀን ከድቶ ከጣልያን ጋር ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም ይሉ ነበር። የይማም እህት እማማ ዘይነባ ከእኛ ቤት በታች ይኖሩ ነበር፤ እኛ ልጆች ሲያልፉ ስናያቸው «የባንዳ እህት» እንላቸው ነበር። እኔም ብያቸዋለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥምቀት ሲደርስ አያቴ ጠመንጃቸውን ይዘው ከታቦቱ ፊት እንዲሄዱ ይለመኑ ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ ብለው ከሴቶቹም ኋላ ሆነው ይከተሉ ነበር። ሰው ትሕትና ነው ይል ነበር።

በየካቲት ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ጠዋት ውሃ ይዤ ስገባ፣ የእማዬን እጅ ጨብጠው ሲናገሩ ሰማሁ።

«ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለሰው ግን አልነገርኩም። ጥይት ላመጣ ብዬ ይማምን መውረጃው አፍ ላይ ጥዬው ወረድኩ፤ ልመለስ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ካህናቱ ሳያዩኝ ከገደሉ ሥር ተሸሽጌ ተኩሱን እሰማ ነበር፤ አንድ፣ ቆየት ብሎ አንድ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሬሳውን ገደሉ በላው፤ ከዳ ሲሉም አላስተባበልኩም። በለቅሶዬ ቀን ስሙን ጥሪልኝ።»

በሦስተኛው ቀን አረፉ። እማዬ ለወንድሞቿ ስትነግራቸው ታላቅየው «አፍሽን ብትከፍቺ እህቴ አይደለሽም» አላት። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ሜዳው በለቀስተኛ ሞልቶ፣ ጠመንጃቸው በበቅሎ ኮርቻ ላይ ታስሮ እየዞረ፣ አልቃሿ «ብቻውን የቆመው» ብላ ስታነሣ፣ እማዬ መሃል ገብታ የበቅሎዋን ልጓም ያዘች።

«አባቴ ብቻቸውን አልነበሩም። የቆመው ይማም ነው፤ እዚያው ቆሞ ነው የሞተው። አባቴ ትተውት ወረዱ። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ተናገሪ ያሉኝም ራሳቸው።»

ታላቁ አጎቴ «አባታችንን ዳግመኛ ልትገድያቸው ነው?» ብሎ ጮኸ። እንደ ጎረቤት ሊያስተዛዝኑ መጥተው ጥግ ላይ የተቀመጡት እማማ ዘይነባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ይረግሙናል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ በቅሎዋ ሄደው ጠመንጃውን ዳሰሱና፣ እማዬን «አብሽሪ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣

«ለወንድሜ ለቅሶ ተቀምጬለት አላውቅም፤ ለባንዳ ማን ይቀመጣል? አላህ ይስጣችሁ፣ ዛሬ አልቅሱልኝ» አሉ።

አልቃሿ ትንሽ አመነታችና የይማምን ስም አነሣች፤ ሜዳውም ተከተላት። እስኪመሽ ድረስ ለሁለቱም ተለቀሰ። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አልረገጠም።

ዛሬ እማዬ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌ፣ ደሴ እኖራለሁ። የአጎቴ ልጆች በቤተሰባችን የስልክ ግሩፕ ላይ ያያቴን ፎቶ እየለጠፉ ያንኑ የጥንቱን ወሬ ይጽፋሉ፤ እኔም በየጊዜው ከሥሩ የይማምን ስም እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት ሰለቸኋቸውና አስወጡኝ። እኔም አውቶቡስ ተሳፍሬ መካነ ሰላም ወረድኩና፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት የክርስትና ድግስ ላይ ብድግ ብዬ የይማምን ነገር ተናገርኩ። ልጅ ሳለሁ እማዬ በዚያ ሜዳ ላይ ምንም ያልፈራች መስሎኝ ነበር። የፈራችውን ያህል ያወቅሁት እኔው ራሴ ዘመድ ፊት ስቆም ነው።