እትዬ አጸደ ብቻቸውን የወጡ ቀን

ቦንጋ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ የሰፈሩ ልጆች የምንታጨቀው ጎረቤታችን እትዬ አጸደ ምድጃ ዙሪያ ነበር። እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል፤ አናጺው ልጃቸው ጋሽ ዓለሙ ከአልጋ አዝለው አምጥተው እሳቱ ዳር ያስቀምጧቸዋል። ያኔ እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ ፍሙ አንድ ጉንጫቸውን አቅልቶት፣ የጅብና የጦጣን ክርክር በሁለት ድምፅ ይተርኩልን ነበር።

አንድ ክረምት በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ዊልቸር በእርዳታ አገኙ። ጋሽ ዓለሙ ግን ፈሩ።

«እማዬ፣ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ እኔ ሳልኖር ከግቢ እንዳትወጪ!»

እሳቸውም ልጃቸው ዊልቸሩ ላይ ሲያስቀምጧቸው ግቢው ውስጥ ሲዞሩ ሰነበቱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ዓለሙ ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው። አልጋው ባዶ ነው፤ ዊልቸሩም የለም። የጎማው ዱካ ጭቃው ላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ይጠፋል። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ስንደርስ ጋሽ ዓለሙ የደፈረሰው ወንዝ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው ይዳብሳሉ። ይሄኔ አንድ ባለባጃጅ ቆመና፣ «እትዬን ነው? ገበያ ናቸው እኮ!» አለን።

እውነትም ኮረሪማ ሻጮቹ መሃል ነበሩ፤ ቀሚሳቸው በጭቃ ተለውሶ፣ መዳፋቸው ተልጦ፣ ይስቃሉ።

«ማን አመጣሽ?» አሉ ጋሽ ዓለሙ፣ ውሃው ከልብሳቸው እየተንጠባጠበ።

«ማን ያመጣኛል? እጄ ነዋ!»

የዚያን ቀን ማታ ተረት አልነበረም። እትዬ አጸደ በትልቅ ጣሳ ውሃ አስቀድተው እስከ ጭላጩ ጠጡ።

«ዓለሙ፣» አሉ ከዚያ፣ «ከሰዓት ወዲያ ውሃ ቀምሼ አላውቅም ነበር። መጸዳጃ ቤት አዝለህ እንዳትወስደኝ ብዬ ነው። ወገብህን ሲያምህ እሰማሃለሁ። አሁን ራሴ እሄዳለሁ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ፍሙ ላይ አፈጠጥኩ፤ እኛ በተረቱ ስንንከተከት፣ ለካ እሳቸው ጉሮሯቸው ደርቆ ነበር።

ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ሰው የሚወደውን ላለማስቸገር ብሎ ጥሙን ዋጥ አድርጎ እንደሚኖር ማወቄ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬ እናቴ አርጅታ፣ «ምንም አልፈልግም፣ ልጄ» ስትለኝ፣ የዚያ ምሽት ድንጋጤ ይመለስብኛል።