ገብስማዋ ዶሮ በደጃፉ ቆማ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከጎባ በታች፣ አያቴ ከመንዝ ዘምቶ ሲመጣ በተሰጠው ቦታ ላይ ነበር። ተሰጠው እላለሁ እንጂ ቦታው የአደም አባት ነበረ። አደም ከእኛ ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር የሚኖር ገባራችን ነው፤ እንጨት ያመጣል፣ ገብስ ያመጣል፣ አጥር ያጥራል። ያኔ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ግን ማታ ማታ በራችንን በሁለት መወርወሪያ የምንዘጋው ጅብ ፈርተን ብቻ እንዳልሆነ በልጅነት ልቤም ይገባኝ ነበር።

አባቴ ከጦሩ ጋር ወደ ጊኒር ወርዶ ስለነበር ቤቱን የሚያስተዳድረው አያቴ ነው። ሲመሽ ዳዊቱን ይደግማል፣ ከዚያ ጧፉን እፍ ብሎ ያጠፋና በጥድ ፍም ብርሃን ተረት ይጀምራል። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ የፊቱን ግማሽ ብቻ እያቀላው፣ ከጉልበቱ ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ። የአያቴ ተረት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀበሮዋ ታምሜያለሁ ብላ ትተኛለች፣ ጅቡ ይመነኩሳል፣ አነሩ ዶሮዋን ለልጆችሽ ሞግዚት ልሁንልሽ ይላታል። በስተመጨረሻ አያቴ ጎንበስ ብሎ፣

«ማን ነው ያመነ?» ይለኛል።

«ዶሮዋ!»

«የት አለች?»

«ተበላች!»

እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ተነስቼ መወርወሪያውን እንደገና አይ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አያቴ በገዛ እጁ የዶሮ ቤት ሠራ። በአገሩ ብርድ እንዴት እንደሚመከት ያውቅ ነበርና ድንጋዩን ደርድሮ፣ በጭቃና በእበት መርጎ፣ ውስጡን በጓሳ ሣር ጠቅጥቆ፣ ለበሩም የምትገጥም ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ አመጣ። «እንግዲህ ንፋስ ቀዳዳ ይፈልግ!» እያለ ዙሪያውን በመዳፉ እየመታ ሲኮራ ትዝ ይለኛል።

ሐምሌን ገቡበት። ፍልሰታ ሲገባ ግን እንቢ አሉ።

ሲመሽ ገብስማዋ ዶሮ ትቀድማለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ትቆምና አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ወደ ውስጥ ታያለች። ትቆያለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የኮሶ ዛፍ ትሄዳለች፤ ሌሎቹም እሷን ተከትለው ይወጣሉ። አንዷን እዚያው ዛፍ ላይ አነር በላት። የቀሩትን አንድ ማታ አንድ በአንድ እየያዝን አስገባንና ድንጋዩን ገጠምን። ጠዋት ስንከፍት አንዷ ሞታለች፣ ሌሎቹ እንዳበደ ሰው ላያችን ላይ ዘለው ወጡ።

አያቴ የሞተችውን አገላብጦ አየ፤ አንዳች ቁስል የለባትም። ፊቱ ጠቆረ።

«ሰው እጁን አስገብቶበታል» አለ ለእናቴ። «የተቀበረ ነገር አለ። ዛሬ በዶሮዎቹ ጀመረ፣ ነገ በልጁ ነው።»

እናቴ አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግቢያችን የገባው ሁሉ እግሩ የረገጠበት ይታይ ጀመር። እኔማ ተረቱን ሁሉ የሰማሁ ነኝና ዋና ጠባቂው ሆንኩ። አጥሩ ሥር ተቀምጬ የሚያስመስለውን ሰው እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ቀን አደም እንጨቱን ካወረደ በኋላ ዶሮ ቤቱ ጋ ጎንበስ ሲል አየሁት። አየና ቀና ብሎ ሄደ። ይኸው ነው። አያቴ ጋ እየሮጥኩ ሄጄ ግን፣

«አባባ፣ አደም ዶሮ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ነገር ሲያስገባ አየሁት!» አልኩ።

ለምን ጥቁር እንዳልኩ አላውቅም። ጎንበስ አለ ብቻ ብል ተረት አይሆንማ።

ከሰዓት በኋላ አያቴ ሁለት ጎረቤት ወታደሮች ጠርቶ አደምን አስያዘ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ቁራኛ ይቆራኙ ነበር፤ የአንዱ ልብስ ጫፍ ከሌላው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፣ ቋጠሮውን ዳኛ ካልሆነ ማንም አይፈታውም። የአገሩ ዳኛ መልከኛው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። ከፈረደበት አደም ከወንዙ ዳር ይነቀላል፤ ሚስቱና አራት ልጆቹ በክረምት ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ወታደሮቹ ይህን በፊቱ ሲነጋገሩት እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ወንዙ ዞር ብሎ አየ።

የአያቴ ጋቢና የአደም ቡሉኮ ተቋጥረው ሁለቱ ፍሙ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያቴ በደንብ ሳይመሽ ዳዊቱን ደገመ፤ ቅጠሉን በገለጠ ቁጥር የአደም ክንድ አብሮ ይነሳል። ሲጨርስ አደምን ላለማየት ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተረት ጀመረ፤ ለዶሮዎች እንጨት ስለምታመጣላቸው ቀበሮ። ከዚህ በፊት እንጨት የምታመጣ ቀበሮ ሰምቼ አላውቅም።

«ማን ነው ያመነ?» አለኝ።

ዓይኔን ቋጠሮው ላይ ተከልኩ።

አደም ሳቀ። «ጌታው፣ እኔም አንድ አለችኝ። የሉኩ ተረት ናት» አለ፤ በእነሱ አፍ ዶሮን ሉኩ ይሏታል።

«ንገረና። አፍህን አላሰርኩት።»

አደም አማርኛውን እየፈለገ፣ ቀስ እያለ እንዲህ አለ። «አንድ ሰው ሉኩውን በጣም ይወዳል። ብርድ ሲመጣ ቤቷን አንድ ቀዳዳ ይደፍናል። ነገ ሌላ ይደፍናል። ውስጥ ሞቀ። ሲሞቅ እንግዳ መጣ፣ እንግዳው ልጅ ወለደ፣ ልጁም ወለደ። አንድ ማታ ሉኩ በር ላይ ቆማ፣ ቤቴ ሆይ ሰው አለ ወይ? አለች። አለን፣ ግቢ አሏት። ስንት ናችሁ? አለች። ግቢና ቁጠሪን አሏት። ቤት ያለው ሰው በቤቱ እንግዳ ሲሆን ምን ያደርጋል? ዛፍ ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሉኩ ሳትገባ በፊት ጆሮዋን እንዲህ ዘንበል ታደርጋለች» ብሎ አንገቱን ልክ እንደ ገብስማዋ አዘነበለ። «ውስጥ ማን እንዳለ ትሰማለች።»

አያቴ ፊቱን ወደ አደም መለሰ።

«እነማን ናቸው እንግዶቹ?» አለ አያቴ።

«የመግሪብ ስግደቴ ደርሷል» አለ አደም። «እንውጣ። ሊያውቁ ከፈለጉ ደጅ ናቸው።»

ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። አደም ሊሰግድ ሲጎነበስ ልብሱ አጭር ነውና አያቴም ጎበጠ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ወገቤን ልትቆርጠው ነው እንዴ!»

አደም እስኪጨርስ አልመለሰለትም። ሲጨርስ፣ «እኔስ ያንን ሁሉ ዳዊት ዝም ብዬ አልሰማሁም?» አለው።

አያቴ ግን አልሰማውም። እንደጎበጠ ቀርቶ ወደ ዶሮ ቤቱ ያያል። ገብስማዋ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ አንገቷን አዘንብላ ነበር። የእሷና የእሱ ዓይን እኩል ቁመት ላይ ሆነ። እሷ ዞር ብላ ወደ ኮሶው ስትሄድ አያቴ አደምን እየጎተተ ዶሮ ቤቱ ጋ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ እጁን እስከ ብብቱ ጓሳው ውስጥ ከተተ።

ሲያወጣው ክንዱ ግራጫ ሆኗል። ግራጫው ይንቀሳቀሳል። ቅንቅን ነው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ፣ ቁጥር የሌለው፣ ሽቅብ ወደ ትከሻው የሚሮጥ። የኩሱ ሽታ ተከትሎ ወጥቶ ሦስታችንንም ዓይናችንን አስለቀሰን። በመንዝ ደረቅ ብርድ ያዋጣው ምርጊት በባሌ ጉም እርጥበቱን አፍኖ ይዞ፣ ያንን ሁሉ ፈልፍሏል። የተቀበረ ነገር አልነበረም። የቀበርነው ዶሮዎቹን ነው።

«ይህን አይተህ ነው ጎንበስ ያልከው?» አለ አያቴ።

«ሸተተኝ፣ አየሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አደም ቋጠሮውን ከፍ አድርጎ አሳየው። «ሳልናገር ይኸው። ብናገርስ ኖሮ?»

አያቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ በእጁ ምን ነበር ያልከኝ?»

አሁን ሸምግያለሁ፤ ከንስሐ አባቴ ሌላ ለማንም ያልነገርኩትን እጽፈዋለሁ። የአደም እጅ ባዶ ነበር። ያኔ ግን፣ «ጥቁር ነገር» አልኩ ደግሜ። አያቴ ለረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ አየኝ። አደምም አየኝ።

ቋጠሮውን መፍታት አይችሉምና እንደተቆራኙ አደሩ፣ ሲነጋም መልከኛው ሲመጣ ሁለቱም ሰውነታቸውን እያከኩ ነበር። አያቴ ገና ሳይጠየቅ፣

«ጌታዬ፣ ቤቱን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ክሴን ትቻለሁ» አለ።

«አየሁ ያለው ምስክርስ?»

«ምስክሩ የእኔን ተረት ሰምቶ ያደገ ነው» አለ አያቴ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋቱን በእኔ ላይ ያድርጉት።»

መልከኛው ሳቀና ፍቱ አለ። ቋጠሮው በጉሙ ርሶ ጠብቆ ስለነበር በጥርስ ነው የተፈታው። አደም ቡሉኮውን አራግፎ፣ ቁልቁል ወደ ልጆቹ ሮጠ።

አያቴ ጓሳውን አቃጠለ፣ ምርጊቱን ወጋግቶ ቀዳዳ አወጣለት፣ አመድ በተነበት። ብዙ ሳይቆይ ገብስማዋ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሰምታ፣ ገባች። ሌሎቹም ገቡ። አያቴ ከዚያ ወዲያም ተረት ይነግረኝ ነበር፤ ማን ነው ያመነ ብሎ ግን ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

አደምም እንጨት ማምጣቱን አልተወም። እናቴ ዝናቡን አይታ፣ «ግባ እንጂ አደም፣ እሳት ሙቅ» ትለዋለች። እሱ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ወደ ውስጥ፣ እኔ ወደተቀመጥኩበት፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ያያል።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ እመቤቴ» ይላል።

አያቴ እስኪሞት፣ እሱም እስኪሞት ድረስ፣ ያንን ደጃፍ አልፎ ገብቶ አያውቅም። እኔም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆም እላለሁ። ሰው ሊሳለም ነው ይላል። እኔ ግን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከመግባቴ በፊት ውስጤ ማን እንዳለ እየሰማሁ ነው።