መብራት ሲጠፋ የተማርኩት ዜማ

ቦንጋ ውስጥ ሰፈርተኛው ቤታችንን «የግሪኩ ቤት» ይለዋል። ግሪኩ የአባቴ አባት ናቸው፤ ቡና ሊነግዱ መጥተው፣ የአገሩን ልጅ አግብተው እዚሁ ቀሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ከእሳቸው የወረስኩት ረጅም አፍንጫና ማበጠሪያ የማይገባው ጠጉር ነው። ሙዚቃውን ያገኘሁት ከሌላ ሰው ነው።

የሒሳብ አስተማሪያችን በሰፈራችን ባለው የፕሮቴስታንት ቸርች መዘምራንን ያለማምዱ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩን ተደግፌ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን አዩኝና «ነይ ግቢ» አሉኝ።

«ቲቸር፣ እኛ እኮ ኦርቶዶክስ ነን።»

«እኔ ግቢ ያልኩሽ ዝናብ እየመታሽ ስለሆነ ነው» አሉ እየሳቁ።

ኪቦርድ መንካት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ሲሰማ አኮረፈ። ቲቸር ቤታችን ድረስ መጥተው «ጋሼ፣ ሃይማኖቷን ላስቀይራት አይደለም። ልጅዎ ጆሮ አላት፤ እንዳይባክን ብዬ ነው» አሉት። አባቴ «ከመምሸቱ በፊት ትመለስ» አለ።

ቦንጋ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ኪቦርዱ ድንገት ጸጥ ሲል ቦርሳዬን አነሳለሁ።

«ወዴት ነው? የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ ዜማው አልጠፋም» ይሉኛል። ከዚያ የቀኝ እጄን ድምፅ እሳቸው፣ የግራውን እኔ እያዜምን እንቀጥላለን። ቆይተው ደግሞ «አሁን ሦስተኛ ድምፅ ጨምሪ፤ ምን ይመጣልሻል?» ይላሉ። የመጣልኝን አዜምላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ድርሰቴ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ያለ መሣሪያ፣ በጉሮሮ።

አዲስ አበባ ሙዚቃ ለመማር ስፈተን ፒያኖ ላይ የተጫወትኩትን አበላሸሁት። ፈታኙ ግን ጥቂት ድምፆችን አንድ ላይ መቱና «እየለየሽ አዚሚያቸው» አሉኝ። አንድ በአንድ አዜምኳቸው።

«ማን አስተማረሽ?»

«የሒሳብ አስተማሪዬ።»

ሳቁና ስሜን ጻፉ። አለፍኩ።

አሁን ለመዘምራን ድርሰት እጽፋለሁ። በቅርቡ አንዱ ሥራዬ አዲስ አበባ ሲቀርብ ቲቸር ከቦንጋ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ የካፋ ማር ይዘውልኝ መጡ። ሲያልቅ ሮጬ ሄጄ እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ልቤ ሞላ፣ ልጄ» አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሴቶቹ ብቻ ትንሽ ቸኮሉ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው።