የሳሙና ፋብሪካው ሜዳና አሜሪካዊው ሴንተር

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎፋ አጠገብ ባለ የሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ለፋብሪካው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እጫወታለሁ። ቦታዬ ሴንተር ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሚገፋውና የሚገፈተረው ማለት ነው። የመረጡኝ ችሎታ አይተው አይደለም። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ስለሆንኩ ነው። የሰፈር ሰው "የስልክ እንጨት" ይለኛል፤ ጴንጤዋ እናቴ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባል እንዳላጣ ትጸልይልኛለች።

አሠልጣኛችን የጥገና ክፍሉ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቅርጫት ኳስም ጣልያንኛም የለመዱት በወጣትነታቸው ይሠሩበት በነበረ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ጣልያንኛቸው ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ የመፍቻና የብሎን ስም ቢሆንም ይግባቡበት ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ክረምት ነው። ከተማው በእርዳታ ሠራተኛ ፈረንጅ ተሞልቷል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ የተኛውን ውኃ ጠርገን ኳስ እያነጠርን ሳለ ከመካኒሳ በኩል የልጆች ጫጫታ ሰማን። ቀና ስንል ከልጆቹ መሀል አንድ ሰው ብቅ አለ። እንደኛው ጥቁር ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ቁመት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አጥሩ ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው። ቆሞ ያየን ጀመር።

ከእኛ አንዷ ደንግጣ የወረወረችው ኳስ አጥሩን ዘሎ ሄደ። ሰውዬው በአንድ እጁ፣ ብርቱካን እንደሚይዝ ሰው፣ ከአየር ላይ ቀለበው። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚገባው የለም። ጋሼ ግን የውጭ አገር ሰው ሲያዩ አፋቸውን እንደሚበላቸው ነው።

"ቦንጆርኖ!" አሉት።

የሰውዬው ፊት በራ። አጥሩን ተደግፎ በጣልያንኛ ያወርደው ጀመር። ጋሼም እጃቸውን እያወናጨፉ ይመልሳሉ። እኛ አፋችንን ከፍተን ቆመናል።

"ልጆች" አሉ ጋሼ ዞር ብለው፣ "ይህ ሰው አሜሪካዊ ነው። ጣልያን አገር ቅርጫት ኳስ የሚጫወት፣ ኑሮው እሱ የሆነ ሴንተር ነው!"

እኔ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ሴንተር!

የመጣው እህቱን ሊጠይቅ ነው። እህቱ የእርዳታ ድርጅት ነርስ ናት፤ መካኒሳ ቤት ተከራይታለች። እሱ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ክለቡ አሰናብቶታል። አዲስ ክለብ በእህቱ ቤት ስልክ እስኪደውልለት ይጠብቃል። መጠበቁ ሊያሳብደው ሲደርስ በእግሩ ወጣ፤ የኳስ ድምፅ ሰማና ተከትሎት መጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ ሁሉ ከእኛ ጋር ሆነ። ልምምዱ ሲያልቅ ከበር ላይ የበቆሎ ጥብስ ገዝተን፣ የሳሙና ሣጥኖች ላይ ተቀምጠን እናወራለን። እሱ ይናገራል፣ ጋሼ ይተረጉማሉ። አባቱ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ትልቁ የአገራቸው ሊግ ውስጥ አንድ ቡድን ወሰደው። አንድ ወር አለማመዱትና አንድ ቀን ጠዋት አሠልጣኙ ቢሮው ጠርቶ አሰናበተው።

"አለቀስክ?" አልኩት።

"አውሮፕላን ውስጥ" አለ።

ጣልያን የሄደው ለአንድ ዓመት ብሎ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆየ። አልጋ ስለሚያጥረው ሁለት አልጋ ገጣጥሞ ይተኛል። በቁጥሩ ጫማ የሚገኝበት ከተማ የለም። አንዳንድ ከተማ አሮጊቶች በሳህን ምግብ ይዘውለት ይመጣሉ፤ አንዳንድ ከተማ ደግሞ ሙሉ አዳራሽ በቆዳው ቀለም ይሰድበዋል። ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው ሁለት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። "ሁለት እሑድ ከተሸነፍን ሻንጣዬን አልጋው ላይ አደርጋለሁ" አለን። እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ እኛም እንስቃለን። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ሻንጣ አሰብኩ።

በሦስተኛው እሑድ ነው እጄን ያገኘው። ከሣጥኑ ላይ ሊወድቅ የነበረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሳላስበው ቀለብኩ። ሰውዬው ብድግ አለ።

"ሲኒስትራ!" ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ግራ እጄን አዩ። "አንቺ፣ ግራኝ ነሽ እንዴ?"

አፈርኩ። ልጅ ሆኜ አስተማሪዬ ግራ እጄን በማስመሪያ እየመታ ነው ያስተወኝ፤ ኳስም በቀኜ ነበር የምጫወተው። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ወዲያው ጎትቶ ቅርጫቱ ሥር አቆመኝ። ጀርባዬን ለተከላካይዋ እንድሰጥ፣ እሷ የምታጋድልበትን በጀርባዬ እንዳዳምጥ፣ ከዚያ በትከሻዬ ዞሬ ግራ እጄን ከራሴ በላይ አቅንቼ ኳሱን እንድለቀው አሳየኝ። የመጀመሪያው ከቦርዱ በላይ አልፎ ሄደ። አሥረኛው የብረቱን ቀለበት ነካ። ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ምንም ሳይነካ በመረቡ ውስጥ ወረደ። ሰውዬው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመቴን ያን ቀን ወደድኩት።

በሚቀጥለው እሑድ የፋብሪካው ካድሬ መጣ። ወሬው ደርሶታል። ልምምዱን አቆምን።

"ይህ ሰው ማነው?" አለ።

"የጣልያን ወዝ አደር ነው፣ ጓድ" አሉ ጋሼ፣ ሳያመነቱ።

"ምንድን ነው የሚሠራው?"

"ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ነው ያለው። ለፋብሪካው ይጫወታል። እንደነዚህ ልጆች።"

ውሸት አልነበረም። እዚያ አገር ክለቦቹ የሚጠሩት ገንዘብ በሚሰጣቸው ፋብሪካ ስም ነው። ሰውዬው በጣልያንኛም ያው የሆነውን "ፋብሪካ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ነገሩ ገባውና ከቦርሳው አሮጌ መለያውን አወጣ። ደረቱ ላይ ማቀዝቀዣ ተስሏል። ካድሬው ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰ።

"አሜሪካዊ ነው ሲሉ ሰማሁ" አለ።

"ውልደቱ ነው እንጂ፣ እነሱማ አንድ ወር አሠርተው አባረሩት።"

"አባረሩት?"

"አንድ ጠዋት ጠርተው።"

ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። "ካፒታሊዝም እንዲህ ነው" አለና ለሰውዬው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ፤ ልምምዱን እስከ መጨረሻው አየ። ሲወጣ ለእኔ "ጓዲት፣ ክርንሽን ዝቅ አታድርጊ" አለኝ። በጉንጫችን የያዝነው ሳቅ የፈነዳው በሩን ካለፈ በኋላ ነው።

የፋብሪካዎች ውድድር ተጀምሮ ነበርና ሳናስበው ለፍጻሜ ደረስን። እያንዳንዱ እሑድ ሰውዬው ገና በሩ ላይ ሳለ "ተደወለ?" ብለን እንጮህበታለን። ቃሉን ለምዷል። "ገና!" ይለናል በአማርኛ፣ እጁን እያወዛወዘ። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ነው፤ ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ "ገና" ሲል ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

ከፍጻሜው በፊት ባለው ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዶፍ ዝናብ እየጣለ ሳለ ከበር ላይ ጩኸት ሰማን። ወጥተን ስናይ ሰውዬው ከመካኒሳ ድረስ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ሮጦ መጥቷል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"ተደወለ!" ይላል። "ተደወለ! ተደወለ!"

ማሸጊያ ክፍሉ በሙሉ ዝናብ ውስጥ ወጣ። ጋሼ በቅባት እጃቸው አቀፉት። ስፔን ውስጥ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያለ ቡድን ነው የጠራው፤ ዓርብ እንዲበር ትኬት ተልኮለታል። እሑድን አያያትም ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ እጅጌውን ያዝኩ።

"ሁለት ቀን ብትቆይስ?" አልኩት።

ጋሼ ሲተረጉሙለት ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ። "ሁለት ቀን ከቆየሁ ሌላ ሰው ይወስዳሉ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጋሼ እያንዳንዱን ቃል እንዲይዙለት፣ "እኔ ዘጠኙንም ዓመት ፈርቼ ነው የተጫወትኩት። ፍርሃቱ አጠገብሽ ይቀመጥ። አንቺ ተጫወቺ" አለኝ።

እሑድ ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላው። ተጋጣሚያችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሴንተራቸው የሁለት ልጆች እናት፣ እንደ ግድግዳ የቆመች ሴት ነች። በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ጣለችኝ፤ በስምንት ነጥብ ተመራን። ግራ እጄን አንዴም አላወጣኋትም።

ዕረፍት ላይ ጋሼ ፊቴ ቁጢጥ አሉ። "ምንድን ነው የምትጠብቂው?"

"ብስትስ፣ ጋሼ?"

"ትስቻለሻ! እሱ ስንቱን ስቶ መሰለሽ እዚህ የደረሰው?"

ተመለስኩ። ጀርባዬን ሰጠኋት። በቀኜ በኩል ስታጋድል ተሰማኝ፤ ዞርኩና ለቀቅኩት። ገባ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ጮኸ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። ሠለስኩ፤ ገባ። ሴትዮዋ ወደ ግራዬ ስትዞር በቀኜ አለፍኳት። መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ እየመሩን ኳሱ እጄ ላይ ደረሰ። የሷ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ነው። ዞርኩ። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ነጠረ፤ ሦስተኛው ላይ ወደ ውስጥ ወደቀ። ፊሽካው ተነፋ። ካድሬው ጋሼን አቅፎ ሲዘል አየሁት። ሴትዮዋ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና "የት ደብቀሻት ነው ይህችን እጅ?" አለችኝ።

በታኅሣሥ ደብዳቤ መጣ፤ በሳንሱር ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር የታሸገ። ጋሼ በምሳ ሰዓት የፋብሪካው ካፌ ውስጥ ቆመው ጣልያንኛውን እየተረጎሙ አነበቡልን። ጉልበቱ ይዞለታል። በየሳምንቱ ያሸንፋሉ። የሚኖርበት ከተማ ባሕር አለው፤ አልጋው አሁንም ያጥራል። እኛ ምን ሆንን ብሎ ጠይቋል። መልሱን ጋሼና እኔ ሁለት ቀን ፈጅተን ጻፍነው፤ ስላሸነፍንበት ኳስ ብቻ አንድ ገጽ ሙሉ ሄደ።

በዚያው ዓመት ለአዲስ አበባ ምርጥ ቡድን ተጠራሁ። ውድድሩ ድሬዳዋ ነው። ከዚያ በፊት ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም። እናቴ ለገሃር ድረስ ሸኘችኝ፤ በሰው ፊት ድምፅዋን ሳትቀንስ መረቀችኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የቡድኑ ልጆች ዘፈን ጀመሩ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ግማሽ አካሌን አወጣሁ፤ ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል፣ ከሐዲዱ ዳር የሚሮጡ ልጆች በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔም እጄን አወዛውዝላቸዋለሁ።