ወደ ኋላ የተመለሰው ሰዓት

ጥፋተኛው ስዊድን ያለው ልጄ አንዱዓለም ነው። ዛሬ የጎረቤቴ የየሺ ቀብር አመለጠኝ፤ እኔ ቤቴ ስልክ ታቅፌ ተቀምጬ ነበር።

እሑድ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ይደውላል። ባለፈው ሳላነሳለት ብቀር "ቀጠሮ አታከብሪም" ብሎ ወር ሙሉ ዘጋኝ። የሺ የምትቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቆላ ነው፤ ኔትወርክ አይደርስበትም።

አስከሬኑ ሰባት ሰዓት ላይ በደጄ ሲያልፍ ሴቶቹ "አንቺ ጥሩነሽ፣ አትነሺም?" አሉኝ።

"አሁን ይደውላል፤ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" አልኩ። የሺ እኮ በስተርጅና አብራኝ ፊደል የቆጠረች ናት።

ስልኩ የጮኸው ስምንት ሰዓት ነው። "እማዬ፣ እዚህ ብርዱ ሲመጣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንመልሰዋለን፤ ዛሬ ነው የመለስነው" አለኝ።

ቀብር አመለጠኝ ስለው፣ "መልእክት ብትልኪ ቀጠሮውን እንለውጠው ነበር" አለ።

እነሱ አገር እናትም በቀጠሮ ናት። እኛ አገር እስቴ ግን ማንም ሳይጠራው ለቀብር ይወጣል፤ የቀረ ሰው መቅረቱ ዕድሜ ልኩን ይነሳበታል።

ሴቶቹ ሲመለሱ "ስልክሽ ደህና ዋለ?" አሉኝ።

ልጆቻችሁ ውጭ ያሉ እናቶች፣ እናንተስ በማን ሰዓት ነው የምትኖሩት? ጻፉልኝ። እኔ ከእንግዲህ ስልክ ስጠብቅ ቤት አልውልም።