ፊቱን የሸፈነው ብስክሌተኛ

ከሆሳዕና ተነስተን በቡድን በብስክሌት ስንጓዝ አንድ ሰውዬ ሁሌ ከኋላችን ነበር። ምሳ እንኳን ዞር ብሎ ነው የሚበላው፤ ፊቱን የሸፈነበትን ማስክ ሰው ፊት አያወልቅም። ሾኔ ስንገባ ሕዝቡ እየዘፈነ፣ እያጨበጨበ ተቀበለን። ጓደኞቼ "ሰውዬው፣ ባንክ ዘርፈሃል እንዴ?" ብለው አሾፉበት። እሱ ግን አቀርቅሮ አለፈ።

ከከተማው ስንወጣ አጠገቤ መጣ።

"እናቴ እስካሁን ደቡብ አፍሪካ ያለሁ ነው የሚመስላት" አለኝ። "ከዚያ ባዶ እጄን አባረሩኝ፤ በምን ፊቴ ቤት ልግባ? አሁን ያለፍነው ወፍጮ ቤት ጎን ያለው ቤት የእኛ ነው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደጅ ላይ ሰው አየህ?"

"አንድ እናት አይቻለሁ፤ እጃቸውን እያውለበለቡልን ነበር።"

"ቆማ ነው?"

"አይ፣ ተቀምጠው።"



"በፊት እኮ ለመንገደኛ ሁሉ ትነሳ ነበር" አለ።