በማን ሰዓት ነው?

ወሬው የደረሰኝ ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ነው። አምቦ ላይ በእኔ ቦታ የተተካችው መምህርት የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። «እህቴ፣ ፋይሉ ተከፈተ። ቁጥሩ አንድም አልጎደለም። ግን በማን ሰዓት ነው?»

ወዲያው ገባኝ።

እዚያ ሳስተምር ሦስት ሆነን፣ ደንዲ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ ከታች ያለውን የእግር መሻገሪያ እስኪሞላ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለወረዳው በኮምፒውተር አስልተን ነበር። ዝናቡ የተመዘገበው በእኛ ሰዓት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው።

ውጤቱን በምን ዓይነት ፋይል እናስቀምጥ ሲባል፣ ቁጥሩንና ማብራሪያውን አንድ ላይ የሚይዘውን መረጥኩ። ባልደረባችን ሳቀ።

«ለፋይልም የንስሐ አባት ልታቆሚለት ነው?»

«ሰው እንኳ ሲቀበር ስሙ ይጠራል» አልኩት።

«ዱጋ ዱባቴ፣ እውነቷን ነው» አሉ ሦስተኛችን፣ አንጋፋው መምህር፣ ኦሮምኛ ቀላቅለው። «ግን ልጄ፣ የወረዳው ኮምፒውተር ያንን አይከፍትም። ተራ ጽሑፍ ይሁን፤ ማብራሪያው ለብቻው ይቀመጥ።»

ምክንያታቸው ትክክል ነበር፤ ተስማማሁ። ፋይሉ ይኸው ዛሬም ተከፈተ። ማብራሪያው ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የሆነ ቦታ ቀርቷል። ያሰላንበት ኮምፒውተርም ከነፕሮግራሙ ተቃጥሏል፤ የዝናቡ መዝገብ ብቻ ተርፏል።

ዝናቡ የጀመረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ፋይሉ ውሃው መሻገሪያው የደረሰበትን ሰዓት «11» ይላል። በእኛ ከሆነ ስምንት ሰዓት ፈጅቶበታል፤ በፈረንጁ ከሆነ ሁለት ብቻ። መሐል ላይ ያለው ረግረግ ውሃ ስለሚይዝ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወረዳው መሻገሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ ሊተክል ነው። ስምንት ተብሎ ሁለት ከሆነ፣ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ውሃው መሐል ላይ ያገኘዋል። «ለጥንቃቄ ሁለት በሉ» ብዬ ነበር። መምህርቷ አልተቀበለችኝም። «ውሃ ሳይመጣ አንዴ ሁለቴ ከገበያ ካስቀረነው ሰው ሦስተኛ አይሰማንም» አለች። እሷም ልክ ናት።

ስለዚህ ያኔ አብራችሁኝ ላሰላችሁት ለሁለታችሁ ነው የምጽፈው። ፋይሉን ለወረዳው ከመስጠታችን በፊት ሰዓቱን ወደ እኛ መልሰነው ነበር? እኔ እንመልሰው ስንባባል ትዝ ይለኛል፤ ሲመለስ አላየሁም። የድሮ ፍላሻችሁን እባካችሁ ፈልጉ። ከሌለ ደግሞ በእጃችሁ የሠራችሁትን ብቻ ንገሩኝ። አላስታውስም ማለት ኃጢአት የለበትም። በግምት ግን አትመልሱልኝ።